ሳይጠይቁ የሚላጩት ጢም

መምህርቷ ለአባቷ የታጠበ ፒጃማ ይዛ ወደ አረጋውያን መጦሪያው ስትገባ፣ ኮሪደሩ ላይ ከአሮጊቷ አስታማሚ ጋር ፊት ለፊት ተገጣጠሙ። አስታማሚዋ ባንድ እጇ ሳፋ፣ በሌላው የፋሻ ጥቅል ይዛለች።

«የቆሰለ ሰው አለ እትዬ?»

«ለአባትሽ እጅ ነው። ጢሙን ልላጨው ስል ዛሬም መታኝ። ኃላፊው እጁ ከአልጋው ጋር ይታሰር ብሏል።»

የመምህርቷ ደም ፈላ። አባቷ አርባ ዓመት ጸጉር አስተካካይ ነበር፤ ግራ ጎኑ አልታዘዝ ካለው ወዲህ የቀረችው ያቺ ቀኝ እጁ ብቻ ናት።

«እሷንም ሊያስሩበት ነው? ይታጠብ፣ ይላጭ፤ እኔም እፈልጋለሁ። እርስዎ ግን በማይታየው በግራው በኩል ይመጡና፣ ሳይነግሩት ቀዝቃዛ ጨርቅ ፊቱ ላይ ይጥላሉ።»

«አልጋዎቹን ከመስኮቱ ጀምሬ ነው የምሄደው፤ እሱን በግራው በኩል ነው የማገኘው፤ ሃያ ዓመት እንዲሁ ነው። ከቁርስ በፊት አሥራ አራት ሰው አለብኝ። አንዱን ስለማመጥ ሌላው በሽንቱ ይዋል?»

ይህ ቀላል ክርክር አልነበረም። እነዚያን ሁሉ የምታነሳ የምታስተኛ እሷው ብቻዋን ናት። መምህርቷ ሳፋው ውስጥ የተነከረውን ጨርቅ አነሳችና ከአስታማሚዋ ጀርባ ዞራ ፊቷ ላይ ለጠፈችባት። አሮጊቷ ሳታስበው እጇን ሰንዝራ መታቻት።

«አብደሻል እንዴ?»

«ይቅርታ እትዬ። አሁን እርስዎንም ልሰርዎት?»

አስታማሚዋ በአንገቷ የሚወርደውን ውሃ ጠረገች። «ለካ ያስደነግጣል» አለች። ጣቷን ሳፋው ውስጥ ነክራም፣ «ውሃውም በረዶ ነው» አለች።

ከኩሽናው ሙቅ ውሃ ቀድታ ወደ ክፍሉ ገባችና፣ በሽማግሌው ቀኝ በኩል ሄዳ ጎንበስ አለች።

«ጋሼ፣ ልላጭዎት መጥቻለሁ። ከየቱ ጉንጭ ልጀምር?»

ትክ ብሎ አያት። ብሩሹን ተቀብሎ አረፋውን ራሱ ቀባ። ከዚያ ምላጩን አየና፣ «ይሄ የካሮት መላጫ ነው፤ ቀይሪው» አለ። ቀየረች። «ቆዳውን ወጠር አድርጊ። ወደ ታች። ማን ነው ያስተማረሽ?»

«ማንም።»

«ያስታውቃል።»

ሲታገሉ ግማሽ ሰዓት የሚፈጀው ሥራ በሩብ ሰዓት አለቀ። በተረፈው ጊዜ አስታማሚዋ መጋረጃውን ስባ፣ በአንሶላ እየከለለች ገላውን አጠበችው። «ዳሌው ቀልቷል፤ ሊቆስል ነበር» አለች ከመጋረጃው ውስጥ። «ሲታገለኝ መች አየሁት።»

ኃላፊው በበሩ ብቅ አለ። «አልታሰረም?»

«አልታሰረም ጌታዬ። ከእንግዲህ እዚህ ክፍል ሰው ሳይጠየቅ አይነካም። ለእያንዳንዱ የራሱ ምላጭ፣ የራሱ ፎጣ፣ ሙቅ ውሃ ይቅረብልኝ። የተነገረው ሰው አይታገልም፤ የማይታገል ሰው ጥርሱም ጆሮውም ይጸዳል፣ ቁስሉም ሳይብስ ይታያል። እኔም ክንዴ በልዞ ቤቴ አልገባም።»

«እምቢ ብልሽስ?»

«እኔንም ማሰር ይኖርብዎታል» አለችና ወደሚቀጥለው አልጋ ሄዳ ጎንበስ አለች። «አባባ፣ ፊትዎን ላጥብዎት? ውሃው ሙቅ ነው።»