ዳልቻን ማን አስያዛት?

ዳንግላ አጠገብ ባለች የገጠር ቀበሌ፣ ረፋድ ላይ፤ ወተት ሸጣ የምታድረው ጥሩአየሁ የሟች ባሏን ታላቅ ወንድም አንማውን ደጁ ድረስ መጥታበታለች።

አንማው፦ ከደጄ ዞር በይ ብያለሁ! ልጄን በወተትሽ መርዘሽ ስታበቂ ደግሞ ወረቀት ይዘሽ መጣሽብኝ?

ጥሩአየሁ፦ አልሄድም። ዛሬ ሳትሰማኝ አልሄድም፣ አያ አንማው።

አንማው፦ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። አንቺ ሁለቱንም ሆነሽ መጣሽ።

ጥሩአየሁ፦ ስደበኝ፤ ለምጄዋለሁ። ሽማግሌ ሰብስበህ ላሜን ዳልቻን ካሳረድክብኝ ስምንት ወር ሆነኝ። ከዚያ ወዲህ ደጄን ረግጦ ከቀሩት ላሞቼ አንድ ጣሳ ወተት የገዛኝ ሰው የለም። ቤተ ክርስቲያን ስቆም እንኳ ሴቶቹ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያደርጋሉ።

አንማው፦ እና እኔ ምን ላድርግሽ? የልጄ የማስተዋል አንገት ንፍፊት አውጥቶ መግል ሲያፈስ አላየሽም? ሐኪሞቹ ቲቢ ነው አሉ። «ጥሬ ወተት ትጠጣለች ወይ?» ብለው ጠየቁኝ። ከማን ቤት ነበር የምትጠጣው?

ጥሩአየሁ፦ ከኔ ቤት። የባሌ የወንድም ልጅ ናት፤ እኔ አልወለድኩም፣ እሷን ነው ያሳደግሁ። ጠጣች።

አንማው፦ ይኸው በአፍሽ። ላሚቱንም የእንስሳት ሐኪሙ የቲቢ መመርመሪያ መርፌ ሲወጋት አንገቷ አበጠ። ስትታረድ ሳንባዋ ውስጥ እንደ አይብ የረጋ ነገር ተገኘ፤ ቆመሽ አይተሻል። ሌላ ምን ቀረሽ?

ጥሩአየሁ፦ ይኼ ቀረኝ። ያን ለት ከሳንባዋ ቆርጠው ሲወስዱ አይተሃል። ከማስተዋል አንገትም መግሉን ቀድተው፣ ሁለቱንም በበረዶ አድርገው በአውቶቡስ አዲስ አበባ ላኩት።

አንማው፦ ስምንት ወር ለአንዲት ወረቀት! ሰው እንኳ ሊወለድ አንድ ወር ነው የሚቀረው።

ጥሩአየሁ፦ መብራት ሲጠፋ ቆመ፣ የሚመረምሩበት ፈሳሽ አልቆ ከውጭ እስኪመጣ ቆመ። ዘገየ እንጂ አልቀረም። ትናንት ጤና ጣቢያ ሲስተር ፈትለወርቅ አስጠርታ አነበበችልኝ።

አንማው፦ ምን ይላል?

ጥሩአየሁ፦ ተመስገን፣ ጠየቅኸኝ! ጀርሙም እንደ እኛው ዘር አለው ይላል። ዘሩን ቆጥረው ይለዩታል አለችኝ፤ የከብት ወገን አለ፣ የሰው ወገን አለ። የዳልቻና የማስተዋል አንድ ነው።

አንማው፦ አላልኩም! አንድ ነው! ዓይንሽን በጨው አጥበሽ የመጣሽው ይኼንን ልትነግሪኝ ነው?

ጥሩአየሁ፦ አንድ ነው። ግን የሰው ነው። የከብቱ ወገን አይደለም። ላሜ ናት ከሰው የያዛት።

አንማው፦ ላም ከሰው? ሰውና ላም አንድ አልጋ ይተኛል እንዴ? ሲስተር ተጫወተችብሽ።

ጥሩአየሁ፦ እኔም እንደዚሁ ብዬ ሳቅሁ። እሷ ግን አልሳቀችም። «ላሟን አፉን አስጠግቶ ያከማት ሰው አለ ወይ?» አለችኝ። ያኔ ሳቄ ጠፋ። አምና ክረምት አልቅት በአፍንጫዋ ገብቶ ደም ሲያንጠባጥባት፣ ትምባሆ እያኘከ አፍንጫዋ ውስጥ የተፋላት ማነው? አንድ ቀን አይደለም፤ ሳምንት ሙሉ።

አንማው፦ ደግ ሠራሁልሽ! ባል የላት፣ የወንድሜ ቤት ነው ብዬ ጭቃ ለጭቃ ተመላለስኩ። ብድሩ ይኼ ነው?

ጥሩአየሁ፦ ደግ ሠርተሃል። ደግ የሚሠራ ሰውም ያስላል።

አንማው፦ ብርድ ነው! የደጋ ሰው አይደለሁ? ማን የማያስል አለ?

ጥሩአየሁ፦ ይኸው፣ አሁንም አሳለህ። ኧረ አፍህን ያዝ። ብርድ ሦስት ዓመት ይኖራል? ይርሳውን ከቀበርን ጀምሮ እንደዚሁ ነህ።

አንማው፦ ወንድሜን ከዚህ አውጪው።

ጥሩአየሁ፦ እሺ፣ ይውጣ። ወረቀቱ ግን አላለቀም። ይኼ ጀርም መድኃኒት ለምዷል ይላል። ማስተዋል ስድስት ወር ሙሉ ኪኒን ስትውጥ እብጠቱ አልጎድል ያለው፣ ባሕር ዳር ሆስፒታል ያስገቧትም ለዚህ ነው። ሲስተር እንዳለችው ዝም ብሎ አይለምድም። ኪኒን ጀምሮ ያቋረጠ ሰው ነው የሚያለምደው። የጤና ጣቢያውን መዝገብ ገልጠው ቢፈልጉ በቀበሌያችን እንዲህ ያለ ሰው የለም።

አንማው፦ ከሌለ የለማ!

ጥሩአየሁ፦ መዝገቡ ላይ የለም። ባለፈው ልጠይቃት ስሄድ ማስተዋል ምን አለችኝ መሰለህ? «እኔም እንደ አባዬ ቀይ ኪኒን እውጣለሁ። አባዬ ጎታው ሥር ያስቀምጥ ነበር።»

አንማው፦ ልጄን ምስክር አቆምሽብኝ? በታመመችበት አልጋ?

ጥሩአየሁ፦ አልጠየቅኋትም። ነገሩ እንኳ ያኔ አልገባኝም። አባቷን ስለመሰለች ኮርታ ነው የነገረችኝ።

አንማው፦ ልጅ ናት። ያየችውንም ያላየችውንም ትላለች።

ጥሩአየሁ፦ ታውቅ ነበር! ሽማግሎቹን ስትሰበስብ፣ ዳልቻ በገመድ ስትጎተት፣ እኔ መሬት ላይ ወድቄ ስለምንህ፣ ታውቅ ነበር! አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት አንተ ነህ።

አንማው፦ አትጩኺ። ሰው ይሰማል።

ጥሩአየሁ፦ ይስማ! እኔን ሲሰድቡኝ መች በጆሮ ነገሩኝ? ለምን አቋረጥክ? ስድስት ወር መዋጥ ከበደህ?

አንማው፦ በባልሽ ነው ያቋረጥኩ።

ጥሩአየሁ፦ በሞተ ሰው ታላክካለህ?

አንማው፦ ከሁመራ ሰሊጥ አጨዳ ስንመለስ ሁለታችንም ነበርን የምናስል። እኔ እዚያው ተመርምሬ የሁለት ወር ኪኒን ሰጡኝ፤ የቀረውን አገርህ ገብተህ ውሰድ አሉኝ። ይርሳው አልመረመርም አለ። «ወተት የሚሸጥበት ቤት ነው። ቲቢ አለ ከተባለ ጥሩአየሁ በምን ታድራለች?» አለ። ብለምነው፣ ብቆጣው እምቢ አለ። ከኔው ላይ ከፈልኩለት። የሁለት ወሩ በአንድ ወር አለቀ።

ጥሩአየሁ፦ ምች ነው አልከኝ። የመቃብሩ አፈር ሳይደርቅ፣ ምች ነው አልከኝ።

አንማው፦ አስምሎኝ ነበር። እኔም የቀረውን ልውሰድ ብል ይመዘግቡኛል፤ የኔን ሲያወጡ የሱን ያወጣሉ። ደግሞ ትንሽ ሻል አለኝና ተውኩት።

ጥሩአየሁ፦ እኔ አጠገቡ ተኝቼ... እኔ ሾርባ ሠርቼ እያጠጣሁት...

አንማው፦ የማስተዋል አንገት ሲያብጥ ወዲያው ደነገጥኩ። ሐኪሙ ወተት ብሎ ሲጠይቀኝ ግን እግዜር መውጫ የከፈተልኝ መሰለኝ። ላም ናት አልኩ። ላም ስም የላት፣ ዘመድ የላት።

ጥሩአየሁ፦ ላሜ እኔ ነበርኩላት! አንተ በወጣህበት እኔ መግቢያ አጣሁ፣ አያ አንማው።

አንማው፦ እንግዲህ ሁሉንም ሰማሽ። ሂጂና ንገሪያቸው። አንማው ብለሽ ብትጀምሪ ይርሳው ብለሽ ነው የምትጨርሺው። ያን ጊዜ «ባሏም በሱ ነው የሞተ፣ እሷም ሳይኖርባት አይቀርም» ይሉሻል። ወተትሽን ውሻም አይቀምሰው። ዝም ብንባባል ላንቺም ይሻልሻል።

ጥሩአየሁ፦ ተመርምሬያለሁ። የለብኝም።

አንማው፦ ማን ሊያምንሽ?

ጥሩአየሁ፦ ሰኞ ማስተዋል ትመጣለች። አዲሱን መድኃኒት አስጀምረው ሊሸኟት ነው። የሚያስል ሰው ያለበት ቤት እንዳትገባ አሉ። የት ልታስተኛት ነው?

አንማው፦ ጓዳ ትተኛለች።

ጥሩአየሁ፦ ትንፋሽህን ጓዳ ያግደዋል?

አንማው፦ እኔ በረት እተኛለሁ።

ጥሩአየሁ፦ ከብቶቹስ ምን በደሉህ?

አንማው፦ እሺ! እሺ፣ እታከማለሁ። ግን እዚህ አይደለም፤ ሰው የማያውቀኝ አገር ሄጄ። አንቺም ለማንም ትንፍሽ አትይ። ስለ ይርሳው ብለሽ፣ ጥሩዬ። አጥንቱን አታስወቅሺው።

ጥሩአየሁ፦ ሽማግሎቹ አሁን ቀበሌ ጽሕፈት ቤት ናቸው። ሲስተርም እዚያው አለች። ጫማህን አድርግ።

አንማው፦ የባልሽን ስም በአደባባይ ልታስጠሪ?

ጥሩአየሁ፦ የባሌን ስም እኔው ራሴ እጠራዋለሁ። ያንተን ግን አንተ ነህ የምትጠራው፤ ቅደም።