በገዛ እጃቸው የሠሯት መኪና

ግለኒስዬ፣ ይህቺን ወንበር ልያዛት? ተመስገን... ጉልበቴ እኮ አልቻለኝም። አትነሺ፣ ሻይሽን ጠጪ። ሰማዩን አየሽው? ጠዋት እንደዚያ ሲያጉረመርም ዘንድሮም የአሮጌ መኪኖች ትርኢቱ ሜዳ ላይ ጭቃ ልናቦካ ነው ብዬ ነበር፤ ይኸው ጠራ። የዎርስተርሻየርን ሰማይ ማን ያምነዋል? ኬኩን ማን ጋገረው? የቄሱ ሚስት? እኔም ብያለሁ፤ የእሷ ኬክ ከሩቅ ይታወቃል፣ መሐሉ ይሰምጣል። ቢሰምጥም ግን የራሷ ነው። የሰው ኬክ በራሷ ሳህን አላቀረበችም። ዛሬ ዛሬ ይኼ ቀላል ነገር እንዳይመስልሽ።

ዋንጫውን ዘንድሮም አንቺ ነሽ የምትሰጪው አይደል? እንዴት አድርገሽ ነው የወለወልሽው! «መኪናውን በገዛ ቤቱ፣ በገዛ እጁ ላደሰ» የሚለው ጽሑፍ ከዚህ ቁልጭ ብሎ ይነበባል። ክሊፎርዴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ በየዓመቱ እዚህ እየመጣ ይህን ጽሑፍ ያነብ ነበር። ከሚስቱ ፊት ይልቅ እሱን ያውቀው ነበር... ተይው። የዛሬው ቀን የሌላ ሰው ነው።

አረንጓዴዋን አየሻት? ከድንኳኑ አጠገብ ያለችውን፣ ባለ ሁለት ወንበሯን? ስታምር! ባለቤቷም አጠገቧ ቆመዋል፤ ነጭ ሱሪ ለብሰው። እኔን የሚደንቀኝ ይኼ ነው። ክሊፎርድ በሠላሳ ስምንት ዓመት ትዳራችን ነጭ ሱሪ ለብሶ አያውቅም፤ ቢለብስም እስከ ቁርስ አይቆይለትም። ጥፍሩ ሥር የነበረውን ቅባት ገናዦቹ እንኳ አላስለቀቁትም። እኚህ ሰው ግን መኪና አድሰው ሲያበቁ እጃቸው የሕፃን እጅ! ምን ዓይነት ሳሙና ይሆን የሚጠቀሙት? እስቲ ጠይቂልኝ፤ አንቺን ያከብሩሻል።

ፍጥነታቸውስ! ምስኪኑ የእኔ ባል አሥራ አራት ዓመት ነው የፈጀባት። አዎ፣ እሷው ናት። አላወቅሻትም? በምን ታውቂያት! «ሳታልቅ ማንም አያያትም» ብሎ በአንሶላዬ ሸፍኖ ነው ያኖራት። ከአሥራ አራቱ ዓመት ግማሹን ያወራሁት ከእግሩ ጋር ነው፤ ሌላው ገላው መኪናዋ ሥር ነበር። የማርሽ ሳጥኑን ኩሽና ጠረጴዛዬ ላይ ፈታታው። ቀለም የቀባቸውን ብረቶች ምድጃዬ ውስጥ እየጋገረ የእሁድ ሥጋችን ሁሉ ቀለም ቀለም ይል ነበር። የዛገ ወለሏን ቆርጦ አዲስ ላሜራ በየደ። ሞተሯን ሁለቴ አውርዶ ሁለቴ ሰቀለ። ዘንድሮ መጋቢት ላይ ልቡ ቀጥ ሲል የቀረው የወንበሩ ቆዳና የመስታወቱ ጎማ ብቻ ነበር። ሰውየው ደግሞ ከእኔ ጋራዥ በወሰዷት በስድስት ሳምንት ጨረሷት! ስድስት ሳምንት፣ ግለኒስ! ድሮ ሥራ ለሠሪው ነበር የሚባለው፤ አሁን ለጨራሹ ሆነ መሰለኝ።

ደግነታቸውንስ ነግሬሻለሁ? በተቀበረ በአራተኛው ቀን ነው አበባ ይዘው የመጡት። «ይህን አሮጌ ብረት እያዩ ከሚያለቅሱ ላንሳልዎት፤ ጨርሼ በስሙ አቀርብለታለሁ» አሉኝ። በስሙ... እንዲህ ያሉኝ መሰለኝ። ወይስ ሐዘን ጆሮዬን ደፍኖት ይሆን? ቁልፉን ሰጠኋቸው። ሥራው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ፎቶ የተነሳበትን አልበም ሳይቀር በእጄ ጠቅልዬ ሰጠኋቸው። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይላሉ። ባለቤቱ ከሞተማ አጥሩን መነቅነቅ ለምን ያስፈልጋል? በሩን ከፍታ የምታስገባ መበለት አለች።

መስታወቷ ላይ የቆመውን ካርድ አንብበሽዋል? እኔ መነጽሬን አድርጌ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። «ከዝገት ክምር ተነስቼ፣ በገዛ ጋራዤ፣ እያንዳንዷን ብሎን በገዛ እጄ።» አጻጻፋቸው እንዴት ደስ ይላል! አንድ ትርፍ ቃል የለበትም። ትርፍ ስምም የለበትም።

አልበሙን ደግሞ ሰው ሁሉ እንዲያየው ኮፈኗ ላይ ዘርግተውታል። ሰባተኛው ገጽ ላይ ማርሽ ሳጥኑ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። የጠረጴዛው ልብስ የቼሪ ሥዕል አለበት። እኔም ቤት የቼሪ ሥዕል ያለበት አለኝ፤ የሰው ምርጫ እንዴት ይገጣጠማል! ከጎኑ ብሎን የሚያጠብቅ እጅ አለ። ፊት የለውም፤ ፊቱ በመቀስ ተቆርጧል። ቦታ ጠቧቸው ይሆናል... ያ እጅ ታዲያ የግራ ጠቋሚ ጣቱ ከአንጓው በላይ የለም። ክሊፎርድን ታስታውሺው የለ? ፋብሪካ ሳለ ማሽን የበላው ጣት? ልክ እንደዚያ። ቅድም ሰውየው ኬክ ሲበሉ ጣታቸውን ቆጠርኩ። ነውረኛ ነኝ፣ አውቃለሁ። አሥር! ሙሉ አሥር! በቅላላቸዋለች ማለት ነው እኮ። ለቄሱ ይነገራቸውና ተአምር ተብሎ ይመዝገብ እንጂ።

አላለቀስኩም። ጭስ ገብቶብኝ ነው... የምን ጭስ አትበይኝ። እሺ፣ አልዋሽሽም፤ ከፍቶኛል። ዋንጫውን እኔ ምን አደርገዋለሁ? አበባ አልሰካበት! ስሙ ግን... እዚያ ዋንጫ ላይ አንድ መስመር፣ ስሙ ብቻ ቢጻፍለት ብዬ ነበር። ክሊፎርድ ከመቃብሩ ድንጋይ በቀር ስሙ የተጻፈበት ነገር የለውም። በቃ፣ ልተወው።

ኧረ ሰውየው ተጠሩ! በደንባችሁ መኪናቸውን አስነስተው እዚህ ጠረጴዛ ድረስ ነድተው መምጣት አለባቸው አይደል? ግሩም ደንብ ነው፤ ማን እንዳወጣው እንጃ እንጂ እጁ ይባረክ። ገቡ... ቁልፉን አዞሩ... ዝም። እንደገና... ዝም። ይኸው አልበሙን አንስተው ኮፈኑን ከፈቱ። መፍቻቸውን አየሽው? በቆዳ ተጠቅልሎ፣ እንደ ሠርግ ስጦታ ሲያብረቀርቅ! ግን ሚሊሜትር ነው፣ እህቴ። አባቶቻችን በኢንች የሠሯትን መኪና፣ እያንዳንዷን ብሎኗን በሚሊሜትር መፍቻ ፈትቶ ያሰረ ሌላ ሰው በዚህ አገር አልተፈጠረም። ለዚህስ ለብቻው ዋንጫ ብታዘጋጁላቸው?

እኔ እንኳ ምን እንደሆነች አውቃለሁ። ቁልፉ ሲዞር ከወንበሩ ኋላ ጠቅ ጠቅ ካላለ፣ የነዳጅ ፓምፑ ተኝቷል ማለት ነው። ክሊፎርድ ጫማውን አውልቆ በተረከዙ ሁለቴ መታ ያደርገው ነበር፤ ይነቃል። ይህን እዚህ ሜዳ ላይ ያለ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ በገዛ እጁ የሠራ ሁሉ ማለቴ ነው። ልሂድና ልንገራቸው? ግን ምን ብዬ? እያንዳንዷን ብሎን ያሰሩትን ሰውዬ እኔ አሮጊቷ «ጫማዎን ያውልቁ» ልበላቸው? ንቀት ነው። ጫማቸውም ነጭ ነው።

ወደ እኛ እያዩ ነው። ፈገግ በይላቸው እንጂ። እኔማ ከቅድም ጀምሮ ፈገግ እንዳልኩ ነኝ። አራት ወር ሙሉ ዝም ብያለሁ፤ ዝም አይነቅዝም ሲሉ ሰምቼ። ዝገትስ ቢሆን ጮኾ ያውቃል?

ምነው ግለኒስ፣ ዋንጫውን ከጠረጴዛው ሥር አስገባሽው? ኧረ አውጪው! በእኔ የተነሳ እንዳይሆን። እኔ ምን አልኩ? የሰው ስም ጠራሁ? ... የአሸናፊው ወረቀት ላይ ምንድን ነው የምትሰርዥው? የማንን ስም ነው የምትጽፊው? ... አዬ... ክሊፎርዴን... እሺ። እሺ በቃ፣ እጄን ልቀቂኝ፣ ሰው እያየን ነው።

ይኸው በእግራቸው መጡ። ቆይ፣ ድምፄን ከፍ ላድርግ፤ ምርቃት በሹክሹክታ አይሆንም። ዕድሜና ጤና ይስጣቸው! እጃቸው አይዛል፣ የጀመሩትን ሁሉ ለመጨረስ ያብቃቸው። ድንገት ቀናቸው ደርሶ ሳይጨርሱት የሚቀር ነገር ቢኖር እንኳ፣ ሚስታቸው ብቻዋን እንዳትቀር፣ ገና አፈሩ ሳይደርቅ አበባ ይዞ የሚመጣላት፣ የቀረውን ተረክቦ በስድስት ሳምንት የሚጨርስላቸው፣ ልክ እንደ እሳቸው ያለ ደግ ሰው እግዚአብሔር ይላክላቸው። አሜን በይ እንጂ፣ ግለኒስዬ።