ዓይኑን ጨፍኖ የሚያዳምጥ ዘበኛ

(ማክሰኞ ጠዋት፣ ሦስት ሰዓት ተኩል ገደማ፣ ከቀርሳ ውሃ ባቡር ማቋረጫ መቶ እርምጃ ራቅ ብሎ ሐዲዱ ዳር ካለ ድንጋይ ላይ። የተገኙት፦ ለአሥራ ዘጠኝ ዓመት የማቋረጫው ዘበኛ የነበረውና ከሥራ ከታገደ ዘጠኝ ቀን የሆነው ዘርጋው፣ እንዲሁም የሟች ባልደረባው የአበጋዝ ልጅ፣ የቴሌቪዥን ጋዜጠኛዋ ፍሬሰላም።)

ፍሬሰላም፦ አንዲት ፊርማ እኮ ናት ጋሼ። እዚህ ግርጌው ላይ ብቻ።

ዘርጋው፦ መጀመሪያ አንብቢልኝ። መነጽሬን ቤት ትቼዋለሁ።

ፍሬሰላም፦ «በፈቃዴ ተቀርጬአለሁ፤ የታየው ሁሉ እውነት ስለሆነ ቅሬታ የለኝም» ይላል። ፊልሙ ለውድድር ሊላክ ስለሆነ ነው።

ዘርጋው፦ ድምፅሽ ያምራል። ልክ በፊልሙ እንዳነበብሽው ነው ያነበብሽው።

ፍሬሰላም፦ አይቀልዱብኝ እንጂ።

ዘርጋው፦ ከመቼ ወዲህ ነው አንቱ የሆንኩት? ባለፈው ወር ካሜራ ይዘሽ ስትመጪ «አንተ ጋሼ» ብለሽ አንገቴ ላይ ተጠምጥመሽ አልነበር?

ፍሬሰላም፦ አንቱ ያልኩት ከአክብሮት ነው።

ዘርጋው፦ የተጠመጠምሽውስ ከምን ነበር?

ፍሬሰላም፦ ጋሼ፣ ፊልሙን የቆራረጠው አዘጋጁ ነው። እኔ የቀረጽኩት ሌላ፣ የታየው ሌላ።

ዘርጋው፦ ሻይ ቤት ሰው ጠርቼ ነበር እኮ! «የአበጋዝ ልጅ ስለ እኛ ሠርታለች» ብዬ፣ ወንበር ከጎረቤት አስመጥቼ። ከዚያ አንገቴን ደፍቼ፣ ዓይኔን ጨፍኜ፣ እጄን ሐዲዱ ላይ ጥዬ ቴሌቪዥኑ ላይ ብቅ አልኩ። ከበስተኋላ ያ የሚያስፈራ ሙዚቃ። «ባቡሩ እየመጣ ነው፤ ዘበኛው ግን ተኝቷል።» ሻይ የሚያማስል ሰው እንኳ ማንኪያውን አቆመ።

ፍሬሰላም፦ አውቃለሁ፣ ከብዶዎታል።

ዘርጋው፦ ዓይኔን ለምን እንደምጨፍን ታውቂያለሽ?

ፍሬሰላም፦ አውቃለሁ።

ዘርጋው፦ በይ ንገሪኝ።

ፍሬሰላም፦ የማቋረጫው ስልክ ከተበላሸ ሁለት ዓመቱ ነው። «ባቡር ተነሥቷል» ብሎ የሚደውል የለም። ፊሽካውን ደግሞ ነፋሱ ወደ ኋላ ይወስደዋል። ስለዚህ መዳፍዎን ሐዲዱ ላይ አድርገው መንቀጥቀጡን ያዳምጣሉ። ዓይን ከተከፈተ ሐሳብ ወደ መንገዱ ይሄዳል።

ዘርጋው፦ ይህን ያስተማረኝ አባትሽ ነው። አንቺንም በሰባት ዓመትሽ እዚሁ ድንጋይ ላይ አስተምሮሻል። አየሽ፣ ባታውቂ ኖሮ አይከፋኝም ነበር።

ፍሬሰላም፦ ጽሑፉን የጻፈው አዘጋጁ ነው አልኩ እኮ!

ዘርጋው፦ ያነበበውስ? ሰው ሁሉ ድምፅሽን ሲያውቅ፣ እኔ ብቻዬን «እሷ አይደለችም» ብዬ ተከራከርኩ። ጠበቃሽ ሆንኩ እልሻለሁ። ያነበበው ማን ነው?

ፍሬሰላም፦ እኔ ነኝ።

ዘርጋው፦ እንዲያ በይኝ። «አርባ አንድ ነፍስ የጠፋበት ማቋረጫ» ያልሽውስ?

ፍሬሰላም፦ እሱ እንኳ ከራስዎ መዝገብ ነው። «የሞቱ፦ አርባ አንድ» ይላል። ፎቶ አንሥቼዋለሁ።

ዘርጋው፦ የግራውን ገጽ አነሣሽ?

ፍሬሰላም፦ የቀኙን ብቻ።

ዘርጋው፦ የእኛ መዝገብ በግራ ምን እንደሞተ፣ በቀኝ ስንት እንደሞተ ነው የሚጻፍበት። ግራው ላይ «ፍየል» ይላል። የሐጂ ዑመር መንጋ ነው፤ በዚያ ዝናብ በበዛበት ዓመት አጥር ጥሶ የወጣው።

ፍሬሰላም፦ ፍየል?

ዘርጋው፦ አርባ አንድ ፍየል። ሐጂ ዑመር ራሱ ፊልሙን አይቶ እንባውን ሲጠርግ ከቆየ በኋላ «ይህ ሁሉ ሰው መቼ ነው ያለቀው?» ብሎ ጠየቀኝ።

ፍሬሰላም፦ እግዚኦ! ይህን ማንም አልነገረኝም።

ዘርጋው፦ ገጹን ብትገልጪው ይነግርሽ ነበር። ባቡሩስ ከየት መጣ? ጣሪያው ላይ በረዶ ተከምሮ! እዚህ ቆላ፣ በረዶ!

ፍሬሰላም፦ ከኢንተርኔት ነው ያወረዱት። የእኛ ባቡር አያስፈራም አሉ።

ዘርጋው፦ እንዳያስፈራ ነዋ አሥራ ዘጠኝ ዓመት የደከምኩት!

ፍሬሰላም፦ ጋሼ...

ዘርጋው፦ አሁን ደግሞ እኔ ልለምንሽ። ሐሙስ እገዳዬን በሚያየው ኮሚቴ ፊት እቀርባለሁ። ያልተቆረጠውን ይዘሽልኝ ነይ። ሐዲዱን ካዳመጥኩ በኋላ ተነሥቼ የመንገዱን ማገጃ ስዘጋ፣ ባቡሩም በሰላም ሲያልፍ ቀርጸሻል።

ፍሬሰላም፦ አልችልም። ቅጂው የቴሌቪዥን ጣቢያው ነው። ካወጣሁት ያባርሩኛል። እናቴን የማስታምመው በዚህ ሥራ መሆኑን ያውቃሉ።

ዘርጋው፦ እናትሽን በየእሑዱ እጠይቃታለሁ። ፊልሙን ካየች ወዲህ ስገባ ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች። እሷ አፈረች፤ ያላፈርሽው አንቺ ነሽ። ይህን ወረቀት ፈርሜ ሐሙስ በምን አፌ ነው «አልተኛሁም» የምለው?

ፍሬሰላም፦ ፊልሙ እኮ ለውጥ አምጥቷል። አዲሱ ዘበኛ ቆሞ ነው የሚውለው።

ዘርጋው፦ ሶፊያን? አዎ፣ እንደ ምሰሶ ቆሞልሻል። «መቀመጥ፣ ዓይን መጨፈን፣ ሐዲድ መንካት ክልክል ነው» የሚል ማስታወቂያ ተለጥፎበታል። ስልኩን ግን የጠገነው የለም። ባቡር መምጣቱን በምን እንደሚያውቅ ጠይቂው።

ፍሬሰላም፦ በምን ያውቃል?

ዘርጋው፦ ከኩርባው ብቅ ሲል በማየት! ያን ጊዜ ደግሞ ማገጃውን ለማውረድ እንኳ አይደርስም።

ፍሬሰላም፦ ታዲያ እርስዎ እዚህ የሚቀመጡት...

ዘርጋው፦ ወደ ማቋረጫው እንዳልጠጋ ታግጃለሁ። ስለዚህ ከዚህ ሆኜ አዳምጥና እጮኽለታለሁ። ትናንት ሁለት ጊዜ ጮኼ ጉሮሮዬ ይኸው እንደምትሰሚው ሆኗል።

ፍሬሰላም፦ እውነት ለመናገር እኔ...

ዘርጋው፦ ዝም በይ።

ፍሬሰላም፦ ምን አልኩ?

ዘርጋው፦ እጅሽን እዚህ አድርጊ። ዓይንሽን ጨፍኚ።

ፍሬሰላም፦ ብረቱ ሞቋል። ሌላ ምንም የለም።

ዘርጋው፦ ከሙቀቱ ሥር።

ፍሬሰላም፦ አለ! እንደ ንብ ነገር... አለ!

ዘርጋው፦ ሶፊያን! ሶፊያን! አይሰማም። ያ ሽንኩርት የጫነ ጋሪ ሐዲዱ ላይ ነው። ሶፊያን!

ፍሬሰላም፦ ጋሼ፣ ድምፅህ አይወጣም!

ዘርጋው፦ ያንቺ ይወጣል። ሩጪ!

ፍሬሰላም፦ ሶፊያን! ባቡር ነው! ጋሪውን አውጣው! ማገጃውን! ባቡር!

ዘርጋው፦ ጎትተው፣ ጎትተው፣ በቅሎዋን ምታት... ወጣ። ተመስገን። ወጣ።

ፍሬሰላም፦ አየህ? አየህ ጋሼ? ለጥቂት እኮ ነው!

ዘርጋው፦ ተቀመጪ። ትንፋሽ ውሰጂ። ጎበዝ፣ የአበጋዝ ልጅ።

ፍሬሰላም፦ ሶፊያን «በምን አወቅሽ?» ብሎ ፈዞ ቀረ። ማገጃው ሳይወርድ ባቡሩ ሽው ሲል፣ እሱ አፉን ከፍቶ... ይኸው ተመልከት።

ዘርጋው፦ ምንድን ነው?

ፍሬሰላም፦ በስልኬ ቀርጬዋለሁ። ጋሪው እንደወጣ። ፊቱ ጥርት ብሎ ይታያል።

ዘርጋው፦ ምን ልታደርጊበት?

ፍሬሰላም፦ አዘጋጁ እንዲህ ያለ ነገር ነው የሚፈልገው። በረዶ የለ፣ ከኢንተርኔት የመጣ የለ፣ እውነተኛ ነው።

ዘርጋው፦ የማቋረጫው ስልክ መበላሸቱ ይታያል?

ፍሬሰላም፦ አይታይም።

ዘርጋው፦ ማስታወቂያውስ?

ፍሬሰላም፦ እሱም አይታይም።

ዘርጋው፦ የሚታየው ሶፊያን ብቻ ነው። አራት ልጆች አሉት፤ ከመጣ ገና ዘጠኝ ቀኑ ነው።

ፍሬሰላም፦ እንደ አንተ አላደርገውም ጋሼ። እምልልሃለሁ።

ዘርጋው፦ ባለፈው ወርም ምለሽልኝ ነበር። ወረቀቱን አምጪ።

ፍሬሰላም፦ የቱን ወረቀት?

ዘርጋው፦ ቅሬታ የለኝም የሚለውን። በስልክሽ የቀረጽሽውን አጥፊው፤ እያየሁ አጥፊው፤ እፈርምልሻለሁ።

ፍሬሰላም፦ ሐሙስስ?

ዘርጋው፦ ሐሙስን ለእኔ ተዪው። እስክሪብቶ ስጪኝ።

(ፍሬሰላም የቀረጸችውን ከስልኳ አጠፋችው፤ ዘርጋውም ወረቀቱን ፈረመ።)