ውሃ የሚፈራው ሕይወት አድን ካሜራ

ዝምተኛ ሰው አፉን ሲከፍት ገበታው ሁሉ ማኘኩን የሚያቆመው ለምንድን ነው? አርሴማ ይህን ጥያቄ ከልጅነቷ ጀምሮ ይዛው ኖራለች። "ጨው አቀብሉኝ" ስትል እንኳ ሰው ሹካውን አስቀምጦ ይመለከታታል። በዚህ የተነሣ ብዙ ምግብ ያለ ጨው በልታለች።

የዚያን እሑድ ግን ዝም ማለት አልሆነላትም። ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ምሳ ነበር፤ ጋባዡ አቤል ነው። አቤል ሮማ ውስጥ፣ ቲቡርቲና አካባቢ አንድ አነስተኛ ድርጅት አለው። ድርጅቱ በጨለማ ውስጥ የሰውን ገላ በሙቀቱ ለይቶ የሚያይ ካሜራ ይሠራል። የካሜራው ስሌት የአርሴማ የመመረቂያ ጥናት ነው፤ እሷም እዚያው ትሠራለች። አሁን አቤል ከመንግሥት የጥናት ድጎማ የመጀመሪያውን ዙር አሸንፏል። ለምእመናኑ "ባሕር ላይ የጠፉ ወገኖቻችንን የሚፈልግ ካሜራ ነው" ብሎ፣ ዕቃውን በነጠላ ሸፍኖ አምጥቶ፣ አባ ገብረወልድን አስባርኳል። ድጎማውን የሰጠው የመከላከያ ሚኒስቴር መሆኑን ግን ለማንም አልተናገረም።

ምሳው ሲጋመስ አቤል ብርጭቆውን አንሥቶ ቆመና "ሐሙስ ለሁለተኛው ዙር ገምጋሚዎቹ ፊት የምትቀርበው አርሴማ ናት!" አለ። ገምጋሚዎቹ ስሌቱን የሠራውን ሰው ከራሱ አፍ መስማት ይፈልጋሉ፤ እሷ ካልቀረበች ሁለተኛ ዙር የለም። አቤል ይህን ለአዳራሹ ሁሉ ሲያበስር አርሴማን አልጠየቃትም ነበር። ተጨበጨበ። አንዲት ሴት እልል አለች።

አርሴማ ቀይ ሆነች፣ ከዚያ ነጭ ሆነች፣ ከዚያ አጠገቧ ወዳሉት ወደ እትዬ የሻረግ ዞረች። እትዬ የሻረግ ዕድሜያቸውን የሮማን አሮጊቶች ሲጦሩ የኖሩ ባዳንቴ ናቸው፤ ግራ ጆሯቸው አይሰማም። አርሴማ የተቀመጠችው ደግሞ በግራቸው ነው። ስለዚህ የልቧን ለመናገር ብትፈልግ፣ ጮኻ መናገር ነበረባት።

"እንዴት ሰነበቱ እትዬ? ጉልበትዎ ተሻለው? …እሰየው። ትራሙ ዛሬም እንደቆመ ነው አይደል? እኔ ከኤስኲሊኖ በእግሬ ነው የመጣሁት። መራመድ ደግ ነው፤ ሰው መንገድ ላይ ያስባል። አሎራ፣ እሺ፣ ላዛኛው እንዴት ነው? ይብሉ እንጂ፣ ምነው ተዉት? ይብሉ፣ መንግሥት ነው የጋበዘን።

"ስለ መንግሥት ካነሣን አይቀር… አንድ የማውቀው ልጅ አለ። ስሙን ተዉት። እርስዎ አያውቁትም፤ እኔም የማውቀው መስሎኝ ነው እንጂ። እንዴት ያለ ጎበዝ ልጅ መሰለዎት! ፊት ለፊቱ ቢሆን እንዲህ አላመሰግነውም፤ ያፍራል። …ያፍራል ብዬ ነው እንግዲህ።

"ይኼ ልጅ አንድ ሐሳብ ነበረው። ሐሳቡ የሱ ነበር ወይስ የሌላ ሰው? እሱን ተዉት፣ በጓደኛሞች መሐል የእኔ የአንተ ምን ያደርጋል? ባንክ ሄደ። ባንኩ 'ቤት አለህ? ዋስ አለህ?' አለው። ሀብታሞች ዘንድ ሄደ። 'እንሰጥሃለን፣ ግማሹ ድርጅት ግን የእኛ ነው' አሉት። ምስኪን! በመጨረሻ መንግሥት አገኘው። እትዬ፣ መንግሥት እኮ አንዳንዴ ከአባት ይበልጣል። የሚሰጥዎት ብድር አይደለም፣ አይመለስም። ድርሻ አምጣ አይልም። ፈጠራውም ያንተው ነው ይላል። መጀመሪያ ትንሽ ይሰጥና 'ሐሳብህ ይሆናል ወይ? አሳየኝ' ይላል። ይሆናል ካሉት በሁለተኛው ዙር 'በል ሠርተህ አምጣ' ብሎ በደንብ ይሰጣል። ሠርተው ካመጡለት ደግሞ በሦስተኛው ራሱ ገዢ ሆኖ ይመጣል! አንድ ትንሽ ድርጅት ከዚህ በላይ ምን ይፈልጋል? እንዲህ ካልተደገፉስ ትንንሾቹ እንዴት ያድጋሉ?

"በምላሹ የሚጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው። የሚያስፈልገውን ይነግርዎታል። እሱንም ቢሆን በአንድ ጊዜ አይደለም፣ ትንሽ በትንሽ ነው የሚነግርዎት። ሰው እንዳይደነግጥ ብሎ እኮ ነው። ጨዋ ነው።"

አዳራሹ ውስጥ የሹካ ድምፅ እየቀነሰ መጣ። አርሴማ ሰማችው፤ አንገቷ ሥር ሙቀት ተሰማት። ድሮ ቢሆን እዚህ ላይ ታቆም ነበር። እትዬ የሻረግ ግን ራሳቸውን እየነቀነቁ ቀኝ ጆሯቸውን ወደሷ ሊያዞሩ ይታገላሉ፤ አሮጊት አጓጉቶ መተው ነውር መሰላት። ድምፅዋን ጨመረች።

"የልጁን ካሜራ ልንገርዎት? ጉድ ነው። ጨለማ ውስጥ፣ ሞቅ ያለ ገላ ከሆነ፣ የትም ይሁን የት ያገኘዋል። መጀመሪያ ሲታሰብ ለባሕር ነበር። ሰው ሲያገኝ ቶሎ ብሎ ለሕይወት አድን ጀልባ እንዲደውል። አሁንማ አድጓል! አሁን ሲያገኝ ለሌላ ክፍል ነው የሚደውለው። ለየትኛው ክፍል? እኔ እንጃ እትዬ፣ ብቻ እነሱ ጀልባ የላቸውም።

"ደግሞ ድሮ ፊትን ለመለየት ስንት ይለፋ ነበር። የተገኘው ሰው ሕፃን ነው ወይስ ትልቅ፣ ተጎድቷል ወይስ ደህና ነው፣ እያለ። አሁን ያ ሁሉ ድካም ቀረለት። 'ፊት አያስፈልገንም፣ ሙቀቱ ይበቃናል' አሉት። ሥራ ሲቀልልዎት ደስ አይልም? ከፍታውንም ጨመሩለት። አሁን ከሰማይ ነው የሚያየው፤ ከሥር ያለው ሰው ቀና ብሎ ቢፈልገው እንኳ አያገኘውም። ምን ያድርግለት ታዲያ? ዓይነ አፋር ካሜራ ነው… እንደ እኔ።

"እንዴ፣ ጠዋት ጸበሉ ሲረጭ አይተዋል? ይኼ ከዚያ ልጅ ጋር የሚገናኝ ነገር አይደለም፣ እንዳያገናኙት፤ እንዲሁ ትዝ ብሎኝ ነው። አባ ገብረወልድ መስቀሉን አስቀምጠው፣ ጸበሉን አንሥተው፣ ገና እጃቸውን ከፍ ሲያደርጉ አንድ ሰው ጃኬቱን አውልቆ ዘሎ ዕቃው ላይ ተደፋ። 'አባ፣ ውሃ እንዳይነካው! ይበላሻል!' እያለ። አባም ደነገጡ። ከባሕር ሰው ያወጣል ተብሎ የመጣ ዕቃ… አንድ እፍኝ ውሃ! እኔ ሣቄ መጣ። ኋላ ግን አሰብኩና ምን አልኩ መሰለዎት? ጥፋቱ የእኛ ነው። የምንባርክበትን መቼ ጠየቅን? ደረቅ ሀገር የሚሄድ ዕቃ ከሆነ ውሃ ምን ያደርግለታል? ለሚሄድበት ሀገር የሚሆን ጸበል ከሆነ የሚፈለገው፣ እሱን አባም የላቸውም።"

አቤል ፈገግታውን አልጣለም። የሞላ ብርጭቆ ላይ ውሃ ሲጨምር ግን ገበታው ረጠበ። አባ ገብረወልድ ከገበታው ራስ ሆነው፣ ነጠላ ለብሶ ጥግ የተቀመጠውን ዕቃ ዘወር ብለው አዩት። ከአቤል ቀጥሎ የተቀመጠው ክፍሎም ዓይኑን ከሳህኑ አላነሣም። ክፍሎም የካሜራውን ቀፎ የሚገጣጥም ሠራተኛ ነው፤ የሥራ ኮንትራቶው ካልታደሰ ፔርሜሶው፣ የመኖሪያ ፈቃዱ፣ አብሮ ይወድቃል። ሁለተኛው ዙር ካልመጣ ደግሞ ኮንትራቶ የለም። አርሴማን እስከዛሬ አፏን ያስያዛት ይኼ ነበር፤ ከኤስኲሊኖ እስከ አዳራሹ በእግሯ የመጣችውም እሱን ስታወጣ ስታወርድ ነው።

"ቸርነቱንስ አልነገርኩዎትም! ለልጆቻችን ሥራ ሰጥቷል። ከነሱ አንዱን አውቀዋለሁ፣ ወርቅ የሆነ ልጅ፣ በባሕር የመጣ። ፔርሜሶው በኮንትራቶው ላይ ተንጠልጥሏል፣ ኮንትራቶው በድጎማው ላይ፣ ድጎማው በካሜራው ላይ። እንዴት ያለ ጥሩ አስተሳሰር ነው! አንዱን ክር የሚነካ ሰው ካለ የወንድሙን እንጀራ ነካ ይባላል። እና ማን ይነካዋል? ማንም። ይኼን የሚያህል ብልህ አይቼ አላውቅም፤ ሌላው ሰው ድርጅቱን በአጥር ነው የሚጠብቀው፣ እሱ በሰው።

"ያንን ወርቅ ልጅ አንድ ቀን ጠየቅሁት። ለስንት ጊዜ ልጠይቀው እያልኩ አፍሬ የተውኩትን። 'ጀልባው ላይ ሳላችሁ፣ በዚያ ጨለማ፣ እንድትታዩ ነበር ወይስ እንዳትታዩ ነው የምትጸልዩት?' አልኩት። ምን አለኝ? 'የሚያየን ማን እንደሆነ ብናውቅ እንለይ ነበር' አለኝ። …ይብሉ እንጂ እትዬ፣ ቀዘቀዘብዎት።

"እና ይኼ ጎበዝ ልጅ አንዲት ጓደኛ አለችው። እሷን እንኳ ባያውቋት ይሻላል፤ መጽሐፍ ውስጥ ተደብቃ የኖረች፣ ሰው ሰላም ሲላት የምትደነግጥ። እንዴት እንደሚያከብራት ቢያዩ! ጠይቋት አያውቅም። ለምን ይጠይቃት? ያውቃታላ። ዝም ካለች እሺ ማለቷ ነው። ዝም አለች፣ ጥናቷን ወሰደላት። ዝም አለች፣ ለባሕር ያለችውን ለሌላ አደረገላት። ዛሬ ደግሞ ዝም ትላለች ብሎ በስሟ ቀጠሮ ያዘላት። ለሌላ ሰው የሚያስብ እንዲህ ነው፤ የመወሰንን ጭንቀት እንኳ ተሸክሞላታል።

"ጥፋቷ ምን መሰለዎት? ዝም ያለ ሰው አንዳንዴ እያሰበ እንደሆነ አልነገረችውም። መንገር ነበረባት። እሱ በምን ያውቃል?

"ምን ወሰነች ይበሉኝ እንጂ! …አንድ ሌላ ትንሽ ድርጅት አለ። በቅርቡ ነው ያገኘቻቸው። የእነሱ ካሜራም ሙቀት ነው የሚያየው፣ ግን ግድግዳ ላይ። እዚህ ሮማ በየቤተ ክርስቲያኑ ያለውን የጥንት ሥዕል እርጥበት ሳይበላው፣ ግድግዳው ውስጥ የተደበቀውን ውሃ እየፈለጉ ያገኙለታል። ቫ ቤኔ፣ ይሁን፣ ግድግዳ ነው፣ ምን ያስደንቃል? ገንዘቡም ያንን ያህል አይደለም። እነሱንም ታዲያ መንግሥት ነው የደጎማቸው! ለዚህ ነው መንግሥትን የማልቀየመው፤ ሁሉም ደጅ አለው፣ ሰው የሚያንኳኳውን ይመርጣል። ጓደኛችን 'እመጣለሁ፣ እጁ የተባረከ ገጣጣሚም አብሮኝ አለ፣ እሱን እዩልኝ' አለቻቸው። 'ይምጣና እንየው' ብለዋል። እንቀጥረዋለን አላሉም፤ የሌላ ሰው ፔርሜሶ ነውና አልዋሽበትም። ከእሺና ከእምቢ መሐል ነው ነገሩ። ሰኞ አብራው ትሄዳለች፣ እምቢ ካሉም ሌላ ደጅ አብራው ታንኳኳለች። እንዲያውም አላማከረችውም። አሁን እዚሁ ቢሰማ… ይቅርታ ያደርግላታል ብላ ነው።"

ክፍሎም ቀና አለ። አቤል ደግሞ ብርጭቆውን አስቀመጠ፤ ምናልባት ሊናገር ነበር። ግን አርሴማ ከመቀመጫዋ ተነሥታ ነበር። የወንበሯን መደገፊያ ጨብጣ ቆመች። እንደልማዱ ማኘክ ያቆመውን አዳራሽ አየችው፤ እንደልማዷ አልተቀመጠችም። እትዬ የሻረግ ሁሉን ባይሰሙም ተነሥታ ሲያዩዋት ልትመርቅ እንደሆነ ገብቷቸው መዳፋቸውን ዘረጉ። ይህን ያየ ሁሉ፣ አባም ጭምር፣ እጁን ዘረጋ። አቤልም ዘረጋ፤ ምርቃት ሲመጣ እጁን የሚሰበስብ ሰው የለም።

"እንግዲህ ሐሙስ ዕለት ያቺ ጓደኛው ገምጋሚዎቹ ፊት አትቆምም። ስሌቱ ያለው ጭንቅላቷ ውስጥ ነው፣ ነጠላው ሥር አይደለም። 'ለምን ቀረሽ?' የሚላት ካለ ግን ለምን እንደተሠራና ወዴት እየሄደ እንደሆነ፣ እንዲህ ጮክ ብላ፣ ለማንም ትናገራለች። በቃ፣ ወስናለች።

"ግን የጋበዘ ሳይመረቅ፣ የጎበዘም ሳይመረቅ አይቀርም። እትዬ፣ ያንን የማውቀውን ልጅ ይመርቁልኝ፤ እኔ ልበል፣ እርስዎ ይቀበሉኝ። እግዚአብሔር ዕድሜና ጤና ይስጠው። ሥራውን ያስፋለት። ካሜራው አርቆ ይይለት፣ አይሳሳትበት። እሱ አልጋው ላይ በሰላም በተኛበት ሌሊት ሁሉ፣ ረግጦት በማያውቀው ሀገር፣ ስሙን እየጠሩ ወደ ፈጣሪ እጃቸውን የሚያነሡ እናቶች ይብዙለት። …አሜን በሉ እንጂ!"