የአብራሪዋ እናት ጥላ

እኔ ባለሁበት ታክሲ ከካዛንቺስ የተሳፈሩ እናት ትልቅ የቤተ ክርስቲያን ጥላ ጭናቸው ላይ አጋድመዋል። በአንድ ጎናቸው እኔ፣ በሌላው አንድ ወጣት ተቀምጠናል። ወጣቱ ጠየቃቸው።

«ስለት ነው፣ እማማ?»

«አዎ፣ ለቂርቆስ። ልጄ የትንሽ አውሮፕላን አብራሪ ናት። ማብረሩን እንድትተው ተስዬ ነበር።»

«ተወችው?»

«ኧረ ወዲያ! ነገም ትበራለች።»

«በቃ፣ ስለትዎ አልሰመረማ!»

«አልሰመረም። ባለፈው ሳምንት ልታሳርፍ ስትል ጎማው አልወርድም አላት።»

«ውይ! ከዚያስ?»

«በሆዱ ሣር ላይ አሳረፈችዋ! የጫነቻቸው ሰዎች አንዳቸውም ሳይጎዱ በእግራቸው ወረዱ።»

«ጀግና ናት! ታዲያ ጥላው ለምንድን ነው?»

«ቂርቆስን ‹እንኳንም አልሰማኸኝ› ልለው ነዋ!»

መውረጃዬን አልፌ፣ የጥላውን ጫፍ ደግፌ፣ ቂርቆስ ድረስ አብሬያቸው ሄድኩ።