ሴቶቹም ይቆጠራሉ

ክቡራትና ክቡራን፣ ክቡር ዳይሬክተራችን፣ ደክማችሁ ስላሰናዳችሁልኝ የጡረታ መሸኛ ዝግጅት አመሰግናለሁ። ለመጠጡ ቦታ ብላችሁ ማይክሮስኮፖቹን ያነሳችሁትንም አመሰግናለሁ፤ ሳልሄድ መልሷቸው።

ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይባላል። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ከዝንብ ጋር ስለኖርኩ ብናገር ምን እሆናለሁ?

እዚህ ቤተ ሙከራ ስቀጠር፣ ለዘር ጥናት ከምናረባቸው ዝንቦች የወንዶቹ ብልቃጥ ላይ «ተወዳዳሪ»፣ የሴቶቹ ላይ «ሽልማት» ተብሎ ይለጠፍ ነበር። የያኔውን አለቃዬን «ጋሼ፣ ሽልማት እንቁላል ይጥላል እንዴ?» አልኳቸው።

«አንቺ ልጅ፣ ሴቷ ሁሉ ያው ናት። የሚበላለጠው ወንዱ ነው። አንዱ አሥሯን ይጠቀልላል፣ ሌላው ጦሙን ያድራል። የተፈጥሮ ምርጫ ያለው እዚያ ነው» አሉኝ።

ስለ ወንዱ እውነታቸውን ነው። ሴቷን ግን ቆጥረው አያውቁም። እኔ ቆጠርኩ። አንዷ ብልቃጡን በልጅ ትሞላለች፤ አጠገቧ ያለችው ሳትወልድ ትሞታለች። ያው ናቸው?

«ጉልቤው» ያልነውን ዘር ታስታውሳላችሁ። ወንዶቹ ከማንም በላይ ይወልዳሉ። እህቶቻቸው ግን ወንዶቹን ጉልቤ ያደረገውን ያንኑ ባሕርይ ወርሰው እንቁላል የሚጥሉት በጥቂቱ ነው። አባቶችን ብቻ የቆጠረ «ጉልቤው አሸነፈ» ብሎ ይጽፋል። ታዲያ ዘሩ ለምን አልበዛም? ወንዱ የጨመረውን ሴቷ ስለምትቀንሰው ነው። ተፈጥሮ የምትመርጠው በሁለቱም በኩል ነው።

ባለፈው ሳምንት ዳይሬክተራችን ጠሩኝና «እትዬ፣ ከእርስዎ በኋላ የሴቶቹን ቆጠራ እንተወዋለን። አድካሚ ነው፣ ወንዶቹ ይበቁናል» አሉኝ። ሰኞ የሴቶቹ ብልቃጦች ይደፋሉ ማለት ነው። በዚህ ዕድሜዬ ዝንቤን እሽ የሚል አይኖርም ብዬ ነበር። ተገኘ።

ክቡር ዳይሬክተር፣ አይደፉም። እኔ ጡረታ የወጣሁት ከደመወዝ ነው እንጂ ከዝንብ አይደለም። ሰኞ በሩ ሲከፈት የዝንብ መለያ ብሩሼን ይዤ ወንበሬ ላይ ነኝ። ዘበኛውንም አያስቸግሩት፤ «እማማ፣ እርስዎን ጎትቼ ከማስወጣ ሥራውን ብለቅ ይሻለኛል» ብሎኛል። አጠገቤ ሌላ ወንበር አለ። መቁጠር የሚፈልግ ይምጣ፤ የማይፈልግ መንገድ ይልቀቅ።

ለሁላችሁም፣ ዓይናችሁ አይፍዘዝ፣ እጃችሁ አይንቀጥቀጥ። ወንዱም ሴቷም ልጃችሁ ለወግ ለማዕረግ ይብቁላችሁ። ግማሹን ቆጥሮ ሙሉ ነው ከሚል አለቃ ይሰውራችሁ፤ ተራው ሲደርሳችሁ ደግሞ እንደዚያ ያለ አለቃ ከመሆን ይጠብቃችሁ።