ምርኩዝ የሆነው የጎልፍ ዱላ

ከአርባ ምንጭ ወደ ዶርዜ በሚወጣው ሚኒባስ ውስጥ፣ ከኋላዬ አንድ ጡረተኛ አስተማሪና አንድ ሸማኔ ተቀምጠው ነበር።

«አባባ፣ ይሄ ምርኩዝዎ ብረት ነው እንዴ?»

«የጎልፍ ዱላ ነው። በንጉሡ ጊዜ አሜሪካ ስማር፣ ክረምት ክረምት ለጎልፍ ተጫዋቾች ዱላ እሸከም ነበር። ትንሽ ኳስ እየመቱ ጉድጓድ ውስጥ ይከታሉ፤ በትንሽ ምት የጨረሰ ያሸንፋል።»

«ይሄን ማን ሰጠዎት?»

«የምሸከምለት ሰውዬ። ትልቅ ውድድር ነበር፣ የመጨረሻው ቀን። ሳር ውስጥ ኳሷን በእግሩ ነካትና ተንቀሳቀሰች። በሕጉ ምት ይቆጠርበታል። ተፎካካሪው ጠርጥሮ ዳኛ ጠራ፤ ዳኛው ደግሞ እኔን ጠየቀኝ።»

«ምን አሉት?»

«አልተንቀሳቀሰችም አልኩት።»

«ከዚያስ?»

«በአንድ ምት አሸነፈ። ይሄን ሸለመኝ።»

«ታዲያ እንጀራዎ ነው፤ ምን ያድርጉ!»

«የተሸነፈው መጥቶ ጨበጠኝ። ‹አንተ ካልክ እሺ› አለኝ። ፊቱ እስከ ዛሬ አይጠፋኝም።»

ሸማኔው ምርኩዙን ዳሰስ አደረገ።

«እኔም ነገ ዱቡሻ ላይ፣ በአገሩ መሸንገያ አደባባይ፣ ሽማግሌዎች ፊት እቆማለሁ። ወንድሜ የጎረቤቱን ድንበር ገፍተሃል ተብሎ፣ ምስክር ሁነኝ ብሎኛል።»

«ሲገፋ አይተሃል?»

«ወንድሜ እኮ ነው፣ አባባ።»

«አይተሃል ወይ ነው ያልኩህ።»

«አይቻለሁ።»

ዶርዜ ስንደርስ ሸማኔው አስተማሪውን ደግፎ ሲያወርዳቸው ምርኩዛቸውን እኔ ያዝኩላቸው፤ ከገመትኩት በላይ ከበደኝ።